የጎንደርን ሥዕል ውጭ አገር ለምታጠኑ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ግድግዳው ላይ የሚሠራ ሥራ

የጎንደርን ሥዕል ርእስ አድርጋችሁ ለትምህርት ስትወጡ፣ እዚያ የማታገኙት አንድ ነገር ግድግዳው ነው። መጽሐፉም ቤተ መጻሕፍቱም አለ። የሥዕሉን ልክ፣ የጨርቁን ስፌት፣ ግርጌው ላይ ያለውን ጽሕፈት ግን ከዚህ ካልያዛችሁ ሌላ የአውሮፕላን ቲኬት ያስወጣችኋል።

መጀመሪያ ፈቃዱን ጨርሱ። ከዩኒቨርሲቲያችሁ የትብብር ደብዳቤ ለሀገረ ስብከቱ ይጻፋል፤ ሀገረ ስብከቱ ደግሞ ለደብሩ ይጽፋል። ደብዳቤው «ለጥናት» ብሎ ብቻ እንዳይቀር። ካሜራ፣ ትራይፖድና የእጅ መብራት በስም ይጠቀሱ፤ ካልተጠቀሱ በሩ ላይ ክርክሩ እንደ አዲስ ይነሳል። ፎቶው ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ይሁን ወይም ለኅትመትም እንደሚውል ከአሁኑ ይገለጽ። ቁጥርና ማኅተም ያለውን ኮፒ ያዙ። የደብሩን አስተዳዳሪ መስቀል ተሳልማችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ የትኛውን ግድግዳ በስንት ቀን እንደምትጨርሱ ንገሯቸው። በጾም ወቅት ቅዳሴ የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ መቼ ነጻ እንደሚሆን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ክረምቱን ተዉት፤ ውስጡ ይጨልማል። የጥምቀት ሰሞንም ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ አይመችም።

ጎንደር ከተማ ያለውን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ሥዕሉ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ስለዚህ የምታጠኑት ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ጨርቁንም ነው። ፍላሽ ፈጽሞ አይበራም። ካሜራውን በትራይፖድ አቁማችሁ፣ ሌንሱን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፣ በ2 ሴኮንድ ታይመር አንሱ። በእጅ የተነሳ ፎቶ በደብዛዛ ብርሃን ይንቀጠቀጣል፤ በስልኩ ስክሪን ጥርት ያለ ይመስላል፣ ቤት ገብታችሁ ስታሰፉት ግን ጽሕፈቱ አይነበብም። እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ቢያንስ በሲሶው ይደራረብ። በየክፍሉ የመጀመሪያ ፎቶ ላይ ግራጫ ካርድ (የቀለም ማመሳከሪያ) እና የ10 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ይታይ፤ ያለ ካርዱ ቀዩ የሥዕሉ ይሁን የበሩ ብርሃን ያመጣው መለየት አይቻልም። የመላእክቱን ፊት ከጣሪያው ለማንሳት ካሜራውን መሬት ላይ አንጋላችሁ አስቀምጡት። ሜትር ግድግዳውን አይንካ፤ ወርዱን ወለል ላይ ለኩ።

ፈቃድ ካገኛችሁ ደካማ የእጅ መብራት ከጎን ሰያፍ አድርጋችሁ አብሩ። ፊት ለፊት ስታዩት ልሙጥ የነበረው ላይ ሁለት ጨርቅ የተጋጠመበት መስመር፣ የተነፋ ልስን፣ በኋላ የተደረበ ቀለም ብቅ ይላል። እኛ ከሁሉ የምናስበልጠው ይህን ነው፤ ከመጽሐፍ አይገኝምና።

ማስታወሻ ደብተሩ ከካሜራው ይበልጣል። አቅጣጫውን (ሰሜን፣ ደቡብ)፣ ረድፉን ከላይ ወደ ታች፣ ቁጥሩን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም የፎቶውን ቁጥር ጻፉ። የግእዙን ጽሕፈት እንዳለ ቅዱት። «ተማኅፀነ» የሚለውን ቃል አንዱ ጸሐፊ በ«ኅ»፣ ሌላው በ«ሕ» ይጽፈዋል፤ «አርመን» ካስተካከልነው የጸሐፊውን እጅ የምንለይበትን ምልክት አጠፋነው። ያልተነበበ ፊደል ባዶ ቦታ ይተውለት እንጂ በግምት አይሞላ።

የዘመን አቆጣጠሩ ብዙ ሰው ያሳስታል። ወደ እ.ኤ.አ. ለመለወጥ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ይደመራል፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ዓመት። ወር ሳይጠቀስ 1725 ዓ.ም. ብቻ ከተገኘ 1732/33 ተብሎ ይጻፍ። አንዱን መርጦ መጻፍ ያልተገኘ መረጃ መፍጠር ነው። ስማችሁም እንዲሁ፦ ፓስፖርቱ ላይ ባለው የላቲን አጻጻፍ ሁሉም ቦታ ጻፉት፤ በአንድ ፊደል ቢለይ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያና የተማሪ መዝገብ አይገጣጠሙም።

ለትምህርት ማሳያ ብላችሁ አዲስ የተሣለ የብራና ወይም የእንጨት ሥዕል ከያዛችሁ፣ ቅርስ አለመሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከቅርስ ባለሥልጣን አስቀድማችሁ አውጡ። አሮጌ የሚመስል ነገር ቦሌ ላይ ይያዛል፤ በበረራው ቀን የሚፈታ ጉዳይ አይደለም።

እዚያ ስትደርሱ የት ትጀምሩ? ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተወሰዱ ብራናዎች አሉ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸውም በውስጣቸው ይገኛሉ። የንባብ ካርድ ለማውጣት መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ይጠየቃል። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል እዩ። የተሻገሩትን እጆቿንና የያዘችውን መሐረብ ከጎንደር ሥዕሎች ጋር ስታስተያዩ ሠዓሊዎቻችን ምን እንደወሰዱና ምን እንደለወጡ ይገባችኋል።

ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ደግሞ የጎንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አሉ። በ1932 እ.ኤ.አ. የዳካር-ጅቡቲ ተልእኮ የተባለው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከግድግዳው ልጦ የወሰዳቸው ናቸው፤ በምትካቸው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተተክተዋል። ወደዚያ ስትሄዱ ከዚህ የሞላችሁትን ደብተር ይዛችሁ ግቡ። በሰያፍ ብርሃን ያያችሁትን ዓይነት ስፌትና ጠርዝ እዚያም ፈልጉ፤ ከሙዚየሙ መግለጫ ጋር የማይስማማ ነገር ካገኛችሁ ቁጥሩን መዝግባችሁ ለክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ አቅርቡ።