ስለ ኢየሱስ ከጎረቤት ጋር ሳይጣሉ ለማውራት (ከድሬዳዋ)

ድሬ ውስጥ አንድ ግቢ ላይ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም አብሮ ነው የሚኖረው፣ ቡና ላይ የኢየሱስ ነገር መነሳቱ ደግሞ አይቀርም። ወሬው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሰው ስለማይዋደድ አይደለም፣ የሌላውን እምነት በራሱ ቃል ስለሚተረጉምለት ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እንዲህ አይነት ግቢ ውስጥ ነው ያደኩት፣ የሰራልኝን ልንገራችሁ።

ከሙስሊም ጋር ስታወሩ "እናንተ እኮ ኢየሱስን አታምኑም" ብላችሁ በፍፁም እንዳትጀምሩ። ዒሳ ብለው ነው የሚጠሩት፣ ያምኑበታል፣ ስሙን ሲጠሩም "ዐለይሂ ሰላም" (ሰላም በእሱ ላይ ይሁን) ይላሉ። በቁርአን ዒሳ መሲህ ነው፣ ከድንግል መርየም ያለ አባት የተወለደ፣ በአላህ ፈቃድ ዕውር ያበራ ሙት ያስነሳ ነቢይ ነው፣ እናቱም በስሟ የተሰየመ ሱራ (የቁርአን ምዕራፍ) አላት፣ 19ኛው። እኔ ይሄን መጀመሪያ የሰማሁት ረመዳን ላይ ነው፣ አዴ የምንላቸው ጎረቤታችን ሊያፈጥሩ ቴምር በእጃቸው ይዘው አዛን እየጠበቁ "መርየም ምጥ ሲይዛት እኮ የቴምር ዛፍ ስር ነበረች፣ ግንዱን ወዝውዢው ተባለች፣ የበሰለው ረገፈላት" አሉኝና አንድ ፍሬ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። እስካሁን ቴምር ስበላ ትዝ ይሉኛል።

ግን ልዩነቱን አትሸፋፍኑት። እስልምና ዒሳ የአላህ ልጅ ነው አይልም፣ አልተሰቀለም ይላል (ሱራ 4፡157)፣ አላህ ወደራሱ አነሳው ወደፊትም ይመለሳል ነው የሚለው። ለእኛ ደግሞ ያለ ስቅለትና ትንሳኤ ክርስትና የለም። "እኛ ጋ እንዲህ ነው" በሉ እና ጠይቁ። በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሰሃባዎች (የነቢዩ መሐመድ ባልደረቦች) ተሰደው ወደ ሀገራችን ሲመጡ በእስልምና ታሪክ እንደሚነገረው ንጉሡ ነጃሺ ያደረገው ይሄንኑ ነው፣ ስለ ዒሳ እናንተ ምን ትላላችሁ ብሎ ጠየቃቸው፣ ከነሱ አንዱ ጃዕፈር ሲመልስ አዳመጠ፣ ሊወስዷቸው ለመጡት የመካ ሰዎችም አሳልፎ አልሰጣቸውም።

በክርስቲያን መሀል ያለው ክርክር ግን ይብሳል አቦ፣ ስለምንቀራረብ መሰለኝ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ኢየሱስ አምላክም ሰውም ነው ይላሉ፣ የሚጋጩት "አማላጅ" የሚለው ቃል ላይ ነው። ጴንጤው ክርስቶስ ስለ እኛ ይማልዳል የሚለውን ሮሜ 8፡34ን ያወጣል፣ ኦርቶዶክሱ እሱ ፈራጅ ነው የሚያማልዱት እመቤታችንና ቅዱሳን ናቸው ይላል። ኦርቶዶክሱ አምላክነቱን የቀነሱበት ይመስለዋል፣ ጴንጤው ደግሞ በመስቀል ላይ የሰራውን ስራ ያሳነሱበት ይመስለዋል፣ ሁለቱም የሚቆጡት ለኢየሱስ ክብር ብለው ነው። ስለዚህ ጥቅስ ከመወራወር በፊት "አማላጅ ስትል ምን ማለትህ ነው?" በሉት፣ እኔና የጎረቤቴ ልጅ ይሄን ለመጠየቅ ስንት አመት ፈጀብን።

ሁሉንም ደግሞ ጴንጤ ብላችሁ አትጠቅልሉ። የይሖዋ ምስክሮች ኢየሱስ የአምላክ ልጅ ነው ግን ከአባቱ ጋር እኩል አይደለም ይላሉ፣ ስላሴንም አይቀበሉም። ኦንሊ ጂሰስ የሚባሉት ደግሞ ስላሴን ሳይቀበሉ ኢየሱስን ራሱን አንዱ አምላክ ነው ይላሉ፣ የሚያጠምቁትም በስሙ ብቻ ነው።

ድምፅ ከፍ ማለት ሲጀምር ቡናውን ቅዱና ሌላ ወሬ አንሱ፣ ነገም አንድ ግቢ ናችሁ። ታህሳስ 29 ለገና የአንዳችንን ስጋ አንዳችን ስለማንበላ ለአዴ የምንወስደው ድፎ ዳቦ ነው፣ እሳቸውም "እንኳን አደረሳችሁ" ይሉናል፣ "ጌታ ተወለደ" አይሉም፣ እኛም በሉ ብለን አናውቅም።