አዲስ ቧንቧ ስትገጥሙ አፉ ላይ ያለችውን ወንፊት አውጧት

የኩሽና ቧንቧ ራሳችሁ ቀይራችሁ ውሃው ቅጥን ብሎ ከወረደ፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው ብላችሁ ሻጩን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ውሃ ተዘግቶ ሲከፈት መስመሩ ውስጥ የተጋገረው ዝገትና አሸዋ ይላቀቅና ቧንቧው አፍ ላይ ባለችው ትንሽዬ ወንፊት ላይ ይከማቻል። ስለዚህ ወንፊቷን ቀድማችሁ ፍቷት። በፒንሳ ከሆነ ጨርቅ ጠቅልሉበት፣ ክሮሙ እንዳይላጥ። ቧንቧውን ግጠሙ፣ ዋናውን የውሃ መዝጊያ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ልቀቁት (ባልዲ ደቅኑበት፣ ቤት መወልወያ ይሆናል)፣ ከዚያ ወንፊቷን መልሷት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላላችሁማ ይህቺ አትዘለልም።

ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር (ሙቅና ቀዝቃዛውን የሚቀላቅለው ቧንቧ) ከሆነ ግን ይሄ ብቻ አይበቃም። አሸዋው ውስጡን ስለሚጭረው፣ ሚክሰሩን ሳታገናኙ መስመሩን ባልዲ ውስጥ ለቃችሁ አጥሩት።