ከጅማ አዳራሽ ወደ ስልክ፦ ኮንፈረንስ ኦንላይን ስታደርጉ ልትሸሿቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የሶፍትዌር ዴቨሎፐሮች ኮንፈረንስ በየዓመቱ የምናዘጋጅ ጥቂት ሰዎች ነን። አዳራሹ ሁልጊዜ ይሞላል፤ ወንበር ያጣው መተላለፊያው ላይ ይቆማል፣ እዚያም ቦታ ያጣው በመስኮት አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚመጣም አለ። ኦንላይን እናድርገው ያልን ጊዜ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፦ ካሜራ እንተክላለን፣ ሊንክ እንልካለን፣ አለቀ። አላለቀም። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ እኛው የሠራናቸው ናቸው።

አዳራሹን እንዳለ ስክሪን ላይ መገልበጥ

የመጀመሪያው ፕሮግራማችን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነበር፤ እያንዳንዱ ንግግር 45 ደቂቃ፣ ልክ እንደ አዳራሹ። አዳራሽ ውስጥ ሰው የሚቆየው ንግግሩ ስለጣመው ብቻ አይደለም። ጓደኛው አጠገቡ አለ፣ ምሳ አለ፣ ተነስቶ መውጣትም ያሳፍራል። ቤቱ የተቀመጠ ሰው ግን ጠቅ አድርጎ ይዘጋና ይሄዳል፤ ማንም አያየውም። እኛም ከምሳ በኋላ ለራሳችን ስናወራ ዋልን። አሁን ንግግሩ 20 ደቂቃ፣ ፕሮግራሙ ግማሽ ቀን ነው፤ ካልበቃ በሁለት ቅዳሜ እንከፍለዋለን።

ትልልቆቹም እዚህ ላይ አንድ መንገድ አልያዙም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ጎግል አይ ኦ የሚባለውን የዴቨሎፐሮች ኮንፈረንሱን የዚያን ዓመት ጭራሽ ሰርዞ በ2021 በኦንላይን ተመለሰ። ማይክሮሶፍት የራሱን ኮንፈረንስ፣ ቢልድን፣ ለ48 ሰዓት አከታትሎ አስተላለፈ፤ ሕንድ ያለውም አሜሪካ ያለውም በራሱ ቀን እንዲያገኘው ነው። አፕል ደግሞ የዓመቱን ኮንፈረንስ ቀድሞ በተቀረጹ ቪዲዮዎች ሠራው።

የተመልካቹን ዳታ አለመቁጠር

እኛ አገር ላይቭ ማየት ማለት ከኪስ ማውጣት ነው። ሂሳቡን ልሥራላችሁ። በ720ፒ ጥራት የሚሄድ ቪዲዮ በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት ይፈጃል እንበል። በሰዓት ሲባዛ 1.1 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ ስድስት ሰዓት የተከታተለ ሰው ከ6.7 ጊጋ በላይ አቃጠለ ማለት ነው። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚወስድ ድምፅ ብቻ ቢሆን ደግሞ በሰዓት 29 ሜጋባይት ይበቃዋል። ወደ አርባ እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት ነው።

ይህን ያስቆጠረን አንድ ተማሪ ነው። በሁለተኛው ንግግር መሃል ቻት ላይ «ጥቅሌ ሊያልቅ ነው፣ የቀረውን ማን ይነግረኛል?» ብሎ ጻፈ። መልስ ስንጽፍለት እሱ ወጥቷል።

ከዚያ ወዲህ ስላይዶቹን በፒዲኤፍ አሳንሰን ከቀኑ በፊት ቴሌግራም ላይ እናስቀምጣለን፤ ድምፅ ብቻ የሚተላለፍበት ሁለተኛ ሊንክ አለ፤ ተናጋሪዎችንም «ይህን ሥዕል እዩ» ከማለት «ስላይድ 7ን እዩ» እንዲሉ እንለምናለን። የሚገርመው፣ ድምፁን ብቻ የሚከታተሉት እስከ መጨረሻው ይቆያሉ።

ኮዱን ለራስ ስክሪን ማዘጋጀት

ጥቁር ገጽ፣ ግራጫ ፊደል፣ መጠን 12። ተናጋሪው ላፕቶፕ ላይ ያምራል። ቪዲዮው ተጨምቆ ስልክ ላይ ሲደርስ ግን ነጠላ ሰረዝና ነጥብ አይለይም፤ ኮድ ላይ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የስክሪኑን ፎቶ ለራሳችሁ ስልክ ላኩና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንብቡት። ካላነበባችሁት ማንም አያነበውም።

«አሁን ሁላችሁም ጫኑት» ማለት

ዎርክሾፕ ላይ ከዚህ የከፋ ዓረፍተ ነገር አላውቅም። ኤንፒኤም ኢንስቶል የሚለው፣ ኮዱ የሚፈልጋቸውን ፋይሎች ሁሉ የሚያመጣው ትእዛዝ አጭር ነው፤ የሚያወርደው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር በአንድ ያሸገ ዶከር ኢሜጅ ሲሆንማ ተዉት። መምህሩ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ተማሪው ገና 14 በመቶ ላይ ነው። አስፈላጊውን ሁሉ በዚፕ አድርጋችሁ ከሁለት ቀን በፊት ቴሌግራም ላይ ጫኑት፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሆነ ፋይል ይቀበላል። ጅማ ላሉት እኛ በፍላሽም አዳርሰናል። ኦንላይን ኮንፈረንስ በፍላሽ ሲባል የሚስቅ አለ፤ ሠርቷል።

ሰዓቱን በአንድ አቆጣጠር ብቻ መጻፍ

ይህ የኛ የራሳችን ስህተት ነው፤ የውጭ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም።

ኅዳር ላይ ነበር። ፖስተሩ «ቅዳሜ 8፡00» ይላል፤ የአገራችን ሰው ሁሉ ከምሳ በኋላ እንደሆነ ገብቶታል። የካላንደር ግብዣውን የሞላው ልጅ ግን ከፖስተሩ ላይ እንዳለ 8፡00 ብሎ ገለበጠው። ካላንደሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ ለሱ 8፡00 ማለት የኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ከተናጋሪዎቹ አንዷ በርሊን የምትኖር እህታችን ነበረች። በሷ አገር ገና ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ በጨለማ ተነስታ፣ ፀጉሯን አሰናድታ ባዶ የዙም ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ጠበቀችን። እኔ ስልኬን ስከፍት ያገኘሁት አንድ መልእክት ብቻ ነው፦ «ኮንፈረንሱ ቀርቷል እንዴ?»

ደግነቷ፣ ከሰዓት ተመልሳ ገባች።

ሁለቱንም ጻፉ፦ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 14፡00፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት። ቀኑንም እንዲሁ፤ ኅዳር 12ን ኖቬምበር 12 አድርጎ የሚመዘግብ አይጠፋም። ሌላም ወጥመድ አለ። እኛ ሰዓታችንን አንቀይርም፤ አውሮፓና አሜሪካ ግን በዓመት ሁለቴ ይቀይራሉ፣ ያውም በተለያየ ሳምንት። በርሊን በበጋቸው ከኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፣ ከኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ በኋላ በሁለት። መስከረም ላይ የተስማማችሁበት ሰዓት ኅዳር ላይ ያው ላይሆን ይችላል።

መብራት አይሄድም ብሎ ማቀድ

ግልገል ጊቤ አንድ ጎረቤታችን ነው፤ 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህን ማወቅ ግን ሰማዩ ሲጠቁር አያጽናናም።

ሚያዝያ ላይ ባደረግነው ዎርክሾፕ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ፣ መብራት ሄደ። ላፕቶፖቹ በባትሪያቸው ቆዩ፤ ራውተሩ ግን ባትሪ የለውም። በስልክ ሆትስፖት ለመመለስ ስንሯሯጥ ቀረጻውን የሚሠራውን ኮምፒውተር ማንም አላስታወሰውም፤ ዴስክቶፕ ነበር። መብራት ሲመጣ ፋይሉ እዚያው አለ፣ መጠኑም ትልቅ ነው። አይከፈትም።

ምክንያቱ ኋላ ገባን። ኦቢኤስ በሚባለው የቪዲዮ መቅረጫና ማስተላለፊያ ፕሮግራም ላይ የምንቀርጸው በኤምፒ4 ነበር። ተራው ኤምፒ4 የቱ ምስል የት እንዳለ የሚናገረውን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው በወጉ ሲዘጋ ነው፤ መሃል ላይ ከተቆረጠ ማውጫ የሌለው ድርሳን ሆኖ ይቀራል። ኤምኬቪ የሚባለው ሌላው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት ግን እስከተቋረጠበት ያለውን ያተርፋል፤ ኋላ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ወደ ኤምፒ4 ማዞር ይቻላል። አንድ ምርጫ መቀየር ነበር። የሁለት ሰዓት ትምህርት በሱ ምክንያት ጠፋ፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ባትሪ፣ ግዙለት፤ ብዙዎቹ በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ትልቅ ነገር አያስፈልጋቸውም። ከኢትዮ ቴሌኮምም ከሳፋሪኮምም ሲም ያዙ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቡድናችሁ አንዱ ሌላ ከተማ ሆኖ የሆስት (የስብሰባው አስተናጋጅ) መብት ይኑረው። እኛ ብንጠፋ እሱ ሰዎቹን ያቆያቸዋል፣ ወይም የሚቀጥለውን ተናጋሪ ያስገባል።

ሁሉንም ነገር ላይቭ ማድረግ

ብራስልስ ውስጥ በየዓመቱ የሚካሄደው የነፃ ሶፍትዌር ኮንፈረንስ፣ ፎስደም፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ወደ ኦንላይን ሲዞር ንግግሮቹን ቀድሞ ቀረጸ፤ ቪዲዮው ሲያልቅ ተናጋሪው ቀርቦ ለጥያቄ በቀጥታ መለሰ። ለኛም የተሻለው ይህ ነው። ተናጋሪው ጅማ ሆኖ ኔትወርክ ቢቆራረጥበት ንግግሩ አይቆራረጥም፤ ቪዲዮው እየታየ እሱም ቻት ላይ ሊያወራ ይችላል። ቅጂውን ግን ከሳምንት በፊት ተቀበሉ። አንድ ጊጋ ከዚህ መጫን አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል፤ ለዚያም ነው የሌሊት ጥቅል ወዳጃችን የሆነው።

የጥያቄው ሰዓት ላይ ዝምታ ካጋጠማችሁ ሰው ስላልገባው ነው አትበሉ። ዩቲዩብ ላይ ተመልካቹ የሚያየው ከእናንተ አሥር፣ ሃያ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ ጽፎ እስኪልክ «ጥያቄ ከሌለ እንለፍ» ትሉታላችሁ። ሁለት ጥያቄ አስቀድማችሁ ያዙና በሱ ጊዜ ግዙ። ቻቱን የሚያነበው ሰው አፋን ኦሮሞም አማርኛም የሚያውቅ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ለመጠየቅ የሚያፍር ብዙ ጎበዝ ልጅ አለ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ማንበብም ሙያ ነው።

መድረኩን በመጨረሻው ቀን መክፈት

አዲስ የዩቲዩብ ቻናል ላይ ላይቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስከፍቱ እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ላይ ይዘጋል፣ ከ100 ሰው በላይም አያስገባም። በአንድ መድረክ ላይ ብቻ መተማመንም አያዋጣም፤ በ2015 ዓ.ም. ዩቲዩብም ቴሌግራምም አገር ውስጥ ለወራት ተዘግተው እንደነበር አትርሱ። የተመዘገቡትን ሰዎች የኢሜይል ዝርዝር ያዙ።

የዙም ሊንክ አደባባይ ላይ መለጠፍ

የማይታወቅ ሰው ገብቶ አሳፋሪ ነገር ስክሪን ሼር ካደረገ በኋላ መሯሯጥ ዋጋ የለውም። ሊንኩ ለተመዘገበ ብቻ ይላክ፣ ስክሪን ሼር ለሆስት ብቻ ይሁን።

ቡናውን መርሳት

ሰው ለምን ይመጣ እንደነበር ስንጠይቅ ንግግር የጠቀሰልን ጥቂት ነው። «እከሌን ያገኘሁት እዚያ ነው»፣ «ሥራ ያገኘሁት ቡና ስንጠጣ ነው» ይላሉ። እኛ ፕሮግራሙ ላይ «የሻይ ዕረፍት፣ 15 ደቂቃ» ብለን ጽፈን ስክሪኑ ላይ ሙዚቃ ለቀቅን። ሰው ሁሉ ወጣ፤ ግማሹ አልተመለሰም።

ስድስት ስድስት ሰው በየክፍሉ ከፋፍሎ ጨዋታ የሚያስጀምር አንድ ሰው ማስቀመጥ ይረዳል፤ ሞክረነዋል፣ ደህና ነው። የበለጠ የወደድኩት ግን ሌላውን ነው። ኦንላይን ማለት ለብቻ ማለት አይደለም፤ ሃያ ሰው በሃያ ጥቅል ከሚያይ አንድ ቦታ ተሰብስቦ በአንዱ ኢንተርኔት በፕሮጀክተር ቢያይ ዳታው ይተርፋል፣ ወሬውም አለ። ባለፈው ጊዜ ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ በሚባለው ሰፈር አካባቢ አንድ ቢሮ ለመንን፤ ወንበር ሲጎድል በርጩማ ከጎረቤት መጣ፣ ጀበናው ጥግ ላይ ተጣደ። ሌሎችም በየከተማቸው እንዲሁ አደረጉ።

ሦስተኛው ንግግር ላይ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ጠፋ፣ የከሰሉ ምድጃ ግን እንዳለ ነው። ተናጋሪው የሚያወራበትን ኮድ ከላፕቶፑ ላይ ከበው ያዩት ልጆች እርስ በርስ መከራከር ጀመሩ፤ አንዱ ተሳስቷል ይላል፣ ሌላዋ ትሞግተዋለች፣ ሁለቱ ከዚያ ቀን በፊት አይተዋወቁም። መብራት የመጣው በረካ ላይ ነው።