የቶዮታ 22አር ቤንዚን ሞተር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

አሮጌ ሃይሉክስ የሚነዱ ሰዎች 22አር ሞተርን ሲያወድሱ አይጠግቡም፤ ውዳሴውም ይገባዋል። ዘይቱ በወቅቱ ከተቀየረለትና ውሃው ካልጎደለበት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ያለ ቅሬታ ይሄዳል። ሆኖም ብዙዎቹን የሚጨርሳቸው አንድ የታወቀ ደካማ ጎን አለው፤ የታይሚንግ ካቴናው ነው፤ ክራንክሻፍቱንና ቫልቮቹን እኩል የሚያስኬደው ሰንሰለት። ሌላው ብልሽት ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ሊታገሥ ይችላል። ካቴናው ግን ቀጠሮ አይሰጥም፤ ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ የሚወስደው እሱ ነው።

አስቀድሞ ልኩን እንያዝ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሞተሩ በ1981 የ20አርን ቦታ ወስዶ የወጣ ባለ አራት ሲሊንደር ሲሆን በ1990ዎቹ አጋማሽ ተሰናበተ። የሲሊንደሩ ስፋት 92 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ 89 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ይዘቱ 2366 ሲሲ ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው (የሞተሩ ላይኛ ክፍል) አሉሚኒየም፤ አንድ ካምሻፍት ከላይ፣ ስምንት ቫልቭ። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ነው። የቫልቭ ክፍተቱ ሞተሩ ሞቆ ሲለካ ለመግቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ጉልበቱ በካርቡሬተር በሚሠራው 100 ፈረስ ገደማ ሲሆን፣ ቤንዚን በኢንጀክተር የሚረጨው 22አር-ኢ ከ1985 ወዲህ በአሜሪካ ገበያ 116 ፈረስ ተመዝግቦለታል። እነዚህ የጉልበት ቁጥሮች በባሕር ወለል ከፍታ ለሚነዳ መኪና የተጻፉ ናቸው። ለደገኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ወደ ታች ዝርዝሩ ይመጣል።

ጠዋት ሲነሳ ከፊት በኩል ይንኳኳል

ሞተሩ እንደተነሳ ከራዲያተሩ ጀርባ ለጥቂት ሰከንድ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ይጠፋል። ባለቤቱ «ሲሞቅ ይተወዋል» ብሎ ያልፈዋል። ከወራት በኋላ ድምፁ አልጠፋ ይላል፤ ቤንዚኑ መኪና እንደ ናፍጣ ማንኳኳት ይጀምራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ 22አሮች ካቴና ባለ ሁለት ረድፍ ነበር፤ የሚመሩትም ጠንካራ የብረት መሪዎች ነበሩ። ከ1983 ጀምሮ ካቴናው ባለ አንድ ረድፍ፣ መሪዎቹም ፕላስቲክ ሆኑ። ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው መወጠሪያ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ሌሊቱን ዘይቱ ወደ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ) ወርዶ ስለሚያድር፣ ጠዋት ግፊቱ እስኪመጣ ድረስ ካቴናው ላልቶ የፕላስቲክ መሪውን ይገርፈዋል። ፕላስቲኩ ደግሞ ከዕድሜና ከሙቀት የተነሳ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ አንድ ቀን ተሰብሮ ይወድቃል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው አስፈሪው። መሪ ያጣው ካቴና በአሉሚኒየም የተሠራውን የፊት ሽፋን መፋቅ ይጀምራል። በሹፌር መቀመጫ ሆኖ ወደ ፊት ለሚመለከት ሰው በግራ በኩል፣ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ከውሃ ፓምፑ የሚወጣው ውሃ ያልፋል። ግድግዳው ሲበሳ ውሃው በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይገባል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ሲወጣ ወተት የበዛበት ማኪያቶ መስሎ ይታያል። በዚህ ሁኔታ ጥቂት የተነዳ መኪና ብሮንዚኖቹን (ክራንክሻፍቱ የሚሽከረከርባቸውን ማረፊያዎች) ይበላል፤ ነገሩም ከካቴና ቅያሪ አልፎ ሙሉ ሞተር መሥራት ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ዘይት ውስጥ ውሃ ሲታይ መካኒኩ ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው በቴስታታ ጋስኬት (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ባለው መዝጊያ) ላይ ነው። ቴስታታው ይወርዳል፣ ይስተካከላል፣ አዲስ ጋስኬት ይገባል፤ ከሳምንት በኋላ ዘይቱ እንደገና ነጭ ነው። በ22አር ላይ ውሃና ዘይት ከተቀላቀሉ፣ በተለይም ድምፁ ቀድሞ ከነበረ፣ ከጋስኬቱ በፊት የፊት ሽፋኑ ይመርመር።

ምርመራው ቀላል ነው። የቫልቭ ሽፋኑን ከፍቶ በባትሪ መብራት በካቴናው መውረጃ ወደ ታች ማየት ነው። በግራ በኩል ያለው መሪ ጫፉ ካልታየ ወይም በጣት ሲነካ ከተወዛወዘ መኪናው ከዚያ ቦታ አይንቀሳቀስ። የተሰበረው ፕላስቲክ ኮፓው ውስጥ ወርዶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ሊደፍን ስለሚችል ኮፓውም መውረድ አለበት።

መፍትሔው ካቴናውን፣ ካቴናው የሚዞርባቸውን ሁለቱንም ጥርሶች፣ መወጠሪያውንና መሪዎቹን አንድ ላይ መቀየር ነው። መሪዎቹ ጀርባቸው ብረት የሆነ ቢሆን ይመረጣል፤ የዋጋው ልዩነት አያሳዝንም። ሽፋኑ ላይ ያለው ጭረት ጥልቅ ከሆነ ሽፋኑም ይቀየር። በብየዳ ደፍኖ መመለስ የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልመክረውም፤ ከጀርባው የግፊት ውሃ አለና። ሽፋኑ ከወረደ በኋላ የዘይት ፓምፑንና የፊቱን ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን ላስቲክ) ሳያዩ መግጠም ድካምን ለሁለተኛ ጊዜ መጥራት ነው። አንድ ወጥመድም አለ፦ ቴስታታውን ለማውረድ ሲፈታ፣ ከፊት ከካምሻፍቱ ጥርስ በታች ዘይት ተጠራቅሞበት የማይታይ አንድ ቡሎን አለ። ቴስታታውን ከፊት ሽፋኑ ጋር የሚያስረው እሱ ነው። ሳይፈታ በመፈንቀያና በመዶሻ የታገሉት ስንት ሽፋን ሰብረዋል።

ድምፁ ከፊት ሳይሆን ከላይ የሚመጣ፣ ቀጭንና ተከታታይ ከሆነ ግን አትደንግጡ። የቫልቭ ክፍተት ነው፤ ከላይ በተጻፈው ልክ ሞቆ ሳለ ይስተካከላል።

ሙቀቱ ይወጣል፣ ውሃ ይጎድላል

ውጭ የሚፈስ ነገር ሳይኖር ውሃ የሚጎድል ከሆነ፣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ጠዋት በቀዝቃዛው የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ሞተሩን ሲያስነሱ አረፋ የሚንፈቀፈቅ ከሆነ የቴስታታ ጋስኬት ሄዷል። የአሉሚኒየም ቴስታታ በብረት ብሎክ ላይ ሲሆን ሁለቱ በሙቀት እኩል አይለጠጡም፤ አንድ ጊዜ በኃይል የጋለ ሞተር ቴስታታው ይጣመማል። ጋስኬት ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀጥ ባለ መለኪያ ይታይ፤ መጣመሙ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ካለፈ ፊቱ ይስተካከል፣ ስንጥቅ እንዳለውም ይፈተሽ። ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ እስከ 78 ኒውተን ሜትር ይጠበቃሉ። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ የኃይል መለኪያ ቁልፍ ተከራይታችሁ ውሰዱለት።

ቴርሞስታትን አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የተለመደ ሕክምና ሆኗል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደጋ ብርድ የሚፈልገውን ሙቀት አያገኝም፤ ቤንዚን ያባክናል፣ ዘይቱ በእርጥበት ይበላሻል፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደር ቶሎ ይበላሉ። የሚሞቅ ሞተር የሚሞቅበት ሌላ ምክንያት አለው፤ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ፓምፕ፣ የላላ ቺንጋ። እሱ ይፈለግ። የቧንቧ ውሃ ብቻ መጨመርም አሉሚኒየሙን ከውስጥ ይበላዋል፤ ፀረ ዝገት ያለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይደባለቅበት።

ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ጥማት፣ ዳገት ላይ መድከም

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን ለወፍራም አየር እንደተለካ ይሰጣል። ውጤቱ ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ፣ ጥቁር ጭስና ከአምስት አንድ እጅ በላይ የጉልበት መቀነስ ነው። አዲስ ካርቡሬተር ከመግዛት በፊት የአየር ፊልትሮው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩ በደንብ መከፈቱና የተንሳፋፊው ከፍታ ይታዩ። እነዚህ ደህና ከሆኑ ዋናው ጂግለር (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበት ቀዳዳ) በአንድ ቁጥር ጠበብ ይበል፣ የእሳቱ ታይሚንግም ጥቂት ዲግሪ ይቅደም።

ይህ ግን ደጋ ለሚውል መኪና ነው። በሳምንት ሁለቴ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ መኪና በጠባብ ጂግለርና በቀደመ ታይሚንግ ታች ሲደርስ ጭነት ላይ ያንኳኳል፤ ያ ማንኳኳት ፒስተን ይበሳል። ለእንዲህ ያለው የፋብሪካው ልክ ይቆይለት፤ ደጋ ላይ ትንሽ ቢያጨስ ይሻላል።

ይነሳል፣ ነዳጅ እግር ሲለቀቅ ይጠፋል

ሚኒሞ ላይ ብቻ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር) የሚጠፋ ከሆነ ካርቡሬተሩ ላይ ባለ ሽቦ የተገጠመውን ቤንዚን ዘጊ ሶሌኖይድ ተመልከቱ። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ሽቦውን ነቅሎ መልሶ ማስነካት ነው፤ «ጠቅ» ካላለ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም ወይ ሞቷል። ጠቅ ካለ የሚኒሞው ጂግለር ቆሻሻ ይዟል፤ በአየር ይነፋ።

ሰማያዊ ጭስ

ረጅም ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ ሲሰጥ ወይም ጠዋት ሲነሳ ብቻ የሚያጨስ ከሆነ የቫልቭ ሲል ነው፤ ርካሽ ነው። ጭነት ላይ ያለማቋረጥ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻ ነው። ለማረጋገጥ ኮምፕሬሽን ይለካል፤ እዚህም ከፍታው ያሳስታል። መመሪያው ጤናማውን 12፣ ዝቅተኛውን 10 ኪሎ በሴንቲ ሜትር ካሬ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ፍጹም ጤነኛ ሞተር ከ9 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ቢያሳይ ተፈጥሯዊ ነው። በመመሪያው ቁጥር ብቻ «ሞተሩ አልቋል» ተብሎ የሚፈታ ስንት ደህና ሞተር አለ። መታየት ያለበት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ኪሎ ካለፈ ችግር አለ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካልተለወጠ ቫልቭ።

ከሞተሩ ጀርባ ዘይት ይንጠባጠባል

የክራንክሻፍቱ የኋላ ሲል ነው ተብሎ ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት ከቫልቭ ሽፋኑ ሥር፣ በቴስታታው ፊትና ኋላ የተቀመጡትን ሁለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ላስቲኮች እዩ። የኋላው ሲደርቅ ዘይቱ በቴስታታው ጀርባ ወርዶ ልክ ከታች የመጣ ይመስላል። አካባቢውን አጥቦ አንድ ቀን ነድቶ ከላይ ወደ ታች መመልከት በቂ ነው። ላይኛው እርጥብ ከሆነ ሥራው የላስቲክ ቅያሪና ማዕዘኖቹ ላይ ትንሽ ሲሊኮን ብቻ ነው፤ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሞላም።