ማግኔቶ ሲፈተሽ ሚስ የሚያደርግ ሴስና 172፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

እዚህ የምናወራው ስለ ላይኮሚንግ ኦ-320-ኢ2ዲ ነው። ከ1968 እስከ 1976 እ.ኤ.አ. በተሠሩት ሴስና 172 በሚባሉት አነስተኛ አውሮፕላኖች ላይ የተገጠመው፣ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣው 172ኤን ሁለቱን ማግኔቶ በአንድ ቤት የያዘ ሌላ ሞተር አለው። ስለዚህ ስለ ካንዴላ የተባለው ለእሱም ይሆናል፣ ስለ ማግኔቶ የተባለው ግን ሁሉም አይሆንም። ነዳጁ ተቀድቶ ውሃ መኖር አለመኖሩ ታይቷል፣ ዘይቱ ተለክቷል፣ የካርቡሬተር ማሞቂያውም ተሞክሯል ብለን እንጀምር።

ማግኔቶ ያለ ባትሪ ለካንዴላ ብልጭታ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው፤ ሞተሩ ሁለት አለው፣ እያንዳንዱ ሲሊንደርም ከየማግኔቶው አንድ፣ በድምሩ ሁለት ካንዴላ አለው። ፍተሻው በደቂቃ 1,700 ዙር ላይ ነው። ቁልፉ ወደ አንዱ ማግኔቶ ሲዞር የሚፈቀደው ቅናሽ እስከ 125 ዙር ነው፤ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ከ50 ማለፍ የለበትም። ብዙ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ይፈርዳል። ዙሩ ለስለስ ብሎ ወርዶ ቆመ ወይስ ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ወረደ? ሁለቱ የተለያየ በሽታ ነው፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

ቅናሹ ትልቅ ነው፣ ሞተሩ ግን አይንቀጠቀጥም

በአንዱ ማግኔቶ ብቻ ከሆነ የዚያ ማግኔቶ ታይሚንግ፣ ማለትም ብልጭታ የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ዘግይቷል። ለዚህ ሞተር ልኩ ፒስተኑ ላይ ጫፍ ከመድረሱ 25 ዲግሪ ቀድሞ ነው፤ ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ሌላ ቁጥር ካለው የሚታመነው ሰሌዳው ነው። ማስተካከሉ የመካኒክ ሥራ ነው። ማግኔቶው 500 ሰዓት ሳይከፈት ከሠራ ደግሞ ከውጭ ታይሚንጉን ብቻ ነካክቶ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው፤ ይከፈትና ፑንቲናው (ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መገናኛ) ይታይ።

በሁለቱም እኩል ከወረደ ማግኔቶዎቹን ይተዋቸው። ይህ ከፍታ ላይ ሚክስቸርን (የነዳጅና የአየር ድብልቅ መቆጣጠሪያውን) እስከ ጥግ ገፍቶ መፈተሽ የሚያመጣው ነገር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት በዴንቨር አካባቢ ያለው የሴንቴኒያል አውሮፕላን ማረፊያም 1,790 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛል። ሁለት ካንዴላ ሲያቃጥለው ጉዳቱ ይሸፈናል፣ በአንድ ሲቀር ይጋለጣል። 1,700 ላይ ሚክስቸሩን ዙሩ ከፍተኛ እስኪሆን ይሳቡና እንደገና ይፈትሹ። ይህን ሳያደርጉ ማግኔቶ አስፈትተው ልከው፣ «ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀትና የክፍያ ደረሰኝ የደረሳቸው ባለቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ምንም ቅናሽ የለም

ደስ ብሎት የሚያልፈው አብራሪ አለ። አደገኛው ግን ይህ ነው። ማግኔቶ የሚጠፋው ፒ-ሊድ በሚባለው ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር ሲገናኝ ነው። ያ ሽቦ ከተበጠሰ ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ሆኖም ማግኔቶው በሕይወት አለ። ያን ጊዜ ፕሮፔለሩን በእጁ ሩብ ዙር የገፋ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ሞተሩን ከማጥፋትዎ በፊት ሚኒሞ (ሞተሩ በዝቅተኛው ዙር ሲሠራ) ላይ ቁልፉን ለቅጽበት ወደ ኦፍ አዙረው ይመልሱ። ሞተሩ ሊጠፋ ካልቃጣው በሚክስቸር ያጥፉት፣ ፕሮፔለሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ያንጠልጥሉ፣ ሽቦው እስኪጠገን ማንም አይንካው። የቤንዲክስ ቁልፍ ማብሪያ ያላቸው አውሮፕላኖች ላይ ኤዲ 76-07-12 የተባለው የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ትዕዛዝ የማብሪያውን ምርመራ በየ100 ሰዓቱ ያስገድዳል።

በአንዱ ማግኔቶ ሞተሩ ጭራሽ ከጠፋ ወይ ማግኔቶው ሞቷል፣ ወይ ፒ-ሊዱ ያለቦታው ቦዲ ነክቷል። መጀመሪያ ሽቦው ይታይ፤ ርካሹ እሱ ነው።

ቅናሹ ትልቅ ነው፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። አንዱ ሲሊንደር በዚያ ማግኔቶ አይተኮስም፤ ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር ነው የሚሄደው። ጥፋተኛው ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ እርሳስ የያዘው የታችኛው ካንዴላ ነው።

ሞተሩ ሲነደፍ የታሰበለት 80/87 የተባለው ነዳጅ ነበር፤ መጭመቂያውም 7 ለ 1 ብቻ ነው። ያ ነዳጅ ከገበያ ጠፋና 100 ኤልኤል የሚባለው ብቻ ቀረ። «ዝቅተኛ እርሳስ» የሚለው ስሙ አያሳስትዎ፤ በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ይይዛል፣ ከ80/87ቱ አራት እጥፍ ገደማ። እርሳሱን ጠርጎ በጭስ የሚያስወጣ ኬሚካል አብሮ ተጨምሮበታል፣ ነገር ግን ኬሚካሉ የሚሠራው የካንዴላው ጫፍ 425 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ሚኒሞ ላይ፣ ሙሉ ሪች (ሚክስቸሩ እስከ ጥግ ተገፍቶ)፣ ተራ እየጠበቁ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቆሙ ያ ሙቀት አይደረስም። እርሳሱ ይረጋል። ካንዴላው ሲፈታ በኤሌክትሮዱና በሸክላው መካከል ግራጫ ድብልብል ፍሬዎች ይታያሉ፤ አንዳንዱ የጤፍ ያህል ነው፣ የባሰበት ምስር ያህላል። አንዷ ፍሬ ክፍተቱን ከደፈነች ብልጭታው በእሷ በኩል ያልፋል እንጂ ነዳጁን አያቀጣጥልም።

ሜዳ ላይ እያሉ ከሆነ ይህን ይሞክሩ። ጠጠር የሌለበት ቦታ ላይ ፍሬን ይያዙ፣ ከ1,800 እስከ 2,000 ዙር ያድርሱ፣ ሁለቱም ማግኔቶ ላይ እያለ ሚክስቸሩን ሞተሩ ትንሽ መንገራገር እስኪጀምር ይሳቡና በጣም ትንሽ መልሰው ይግፉ። ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ይቆዩና እንደገና ይፈትሹ። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ካልጸዳ ወደ ሃንጋር ይመለሱ። ሙሉ ሪች ላይ ትሮትሉን (የጉልበት መስጫውን) እስከ ጥግ እየገፉ ሞተር የሚያስጮሁት ሰዎች ምን እንደሚጠብቁ አይገባም፤ የበዛ ነዳጅ ያቀዘቅዛል፣ እዚህ የሚፈለገው ደግሞ ሙቀት ነው። ሳይጸዳ «አየር ላይ ይለቀዋል» ብሎ መነሳት የለም።

የቱ ካንዴላ እንደሆነ ሳያውቁ ስምንቱንም መፍታት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ማግኔቶ በአንድ በኩል የላይኞቹን፣ በሌላው በኩል የታችኞቹን ያቀጣጥላል፤ ገመዱን በዓይን ተከትለው ሁለቱን የታችኞች ይለዩ። የትኛው እንደሆነ ለማረጋገጥ ቀዝቃዛውን ሞተር ያስነሱ፣ ወዲያው ወደ መጥፎው ማግኔቶ ያዙሩ፣ 1,000 ዙር አካባቢ አንድ ደቂቃ ያሠሩና በሚክስቸር ያጥፉ። ቁልፉ ይውጣ። ከዚያ በእያንዳንዱ የጭስ ቱቦ ሥር ጠብታ ውሃ ጣል ያድርጉ። ሦስቱ እንደ ጋለ ምጣድ ይንጫጫሉ፣ አንዱ ዝም ይላል። ለአራቱም ሲሊንደር የጭስ ሙቀት መለኪያ ካለዎት ይህ ሁሉ አያስፈልግም፦ በአንድ ማግኔቶ ሲሠራ የሁሉም ሙቀት መጨመር አለበት፣ የሚወርደው እሱ ነው።

ሲፈታ፣ የገመዱ ነት 3/4 ኢንች መፍቻ፣ ካንዴላው ራሱ 7/8 ባለ ስድስት ጎን ረጅም ቡሽ ይፈልጋል። ገመዱ አብሮ እንዳይጠመዘዝ በሌላው እጅ ይያዝ። አልላቀቅ ካለ መታገል አያስፈልግም፤ ጥርሱ ተነቅሎ ከወጣ ጉዳዩ የካንዴላ መሆኑ ቀርቶ የሲሊንደር ይሆናል።

ፍሬዎቹ በቀጭን ጫፍ፣ ሸክላው ሳይነካ ይነቀሳሉ። በማሽን የሚነፋ ከሆነ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፤ ተራ አሸዋ አይነፋም፣ ውስጡ አንድም ቅንጣት አይቀርም። የብረት ብሩሽ ሸክላው ላይ ብረት ትቶ ስለሚሄድ እሳቱ በዚያ ያመልጣል። ማሲቭ ለሚባለው፣ ወፍራም ኤሌክትሮድ ላለው ካንዴላ ክፍተቱ ከ0.016 እስከ 0.021 ኢንች ነው። ሲጠብ የውጩ ኤሌክትሮድ ብቻ ይገፋል፣ መለኪያው ሽቦ መሃል ገብቶ እያለ አይጫንም፣ ከልክ በላይ የጠበበውን መልሶ መክፈት ደግሞ ሸክላ መሰንጠቅ ነው። የመሃሉ ኤሌክትሮድ ክብነቱን ትቶ እንቁላል ከመሰለ ዕድሜው አብቅቷል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው፦ በመልቲሜትር ከገመድ መግቢያው ግርጌ እስከ መሃል ኤሌክትሮድ ይለኩ። ከ5,000 ኦም በላይ ወይም ክፍት ከሆነ ይጣል። ውጩ የሚያብለጨልጭ፣ ክፍተቱ ልክ የሆነ፣ ውስጡ ግን ሬዚስተሩ የሞተ ካንዴላ በጣም ብዙ ነው። በዓይን አይያዝም። ከጠረጴዛ የወደቀም ቢሆን፣ ከካርቶኑ አሁን የወጣ አዲስ ቢሆንም፣ ይጣል። በጠረጴዛ ላይ ብልጭ ይላል፣ ሲሊንደር ውስጥ ጭመቃው ሲመጣ ስንጥቁ እሳቱን ይበላዋል። አንስተው በጨርቅ ጠርገው የሚገጥሙት ሰዎች በሦስተኛው ሳምንት «ማግኔቶው ተበላሸ» እያሉ ይመጣሉ።

ሲገጠም የመዳብ ሮንዴላው አዲስ ይሁን። የጥርስ ቅባት ከጫፉ ሁለተኛው ጥርስ ጀምሮ በስሱ ይነካካል፤ ቂጣ ላይ ቅቤ እንደሚቀባ አይደለም፣ ቀልጦ ኤሌክትሮዱ ላይ ከፈሰሰ ራሱ መንገድ ይሆናል። ጥብቀቱ በቶርክ መፍቻ 35 ፉት-ፓውንድ፣ 47 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። የገመዱን ጫፍና ስፕሪንግ በጣት አይንኩ፤ የእጅ ወዝ በቂ ነው። የታችኞቹ ወደ ላይ፣ የላይኞቹ ወደ ታች ይቀያየሩ፣ ከሲሊንደር ሲሊንደርም በተኩስ ቅደም ተከተል 1-3-2-4 ይሸጋገሩ፤ የማግኔቶ ብልጭታ አቅጣጫው ስለሚፈራረቅ አንዱ ካንዴላ መሃሉን፣ ሌላው ዳሩን ይበላል። ይህ በ100 ሰዓት ይሠራል የሚባለው ነው፤ ለዚህ ሞተር በ50 ሰዓት ይሻላል።

አሜሪካ ውስጥ ካንዴላ ማጽዳት፣ መቀየርና ክፍተት ማስተካከል በአቪዬሽን ደንቡ ፓርት 43 አፔንዲክስ ኤ መሠረት አብራሪ ለሆነ ባለቤት ተፈቅዷል፤ መዝገቡ ላይ ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ ፊርማና የፈቃድ ቁጥር ይጻፍ። ማግኔቶ መክፈት አልተፈቀደም። ሌላ አገር የተመዘገበ አውሮፕላን የዚያን አገር ሲቪል አቪዬሽን ደንብ ይከተላል።

ጸድቶ በሃያ ሰዓት ተመልሶ ከመጣ

ምንጩ አልተነካም። ስምንት አዲስ ካንዴላ፣ ከዚያ የታደሰ ማግኔቶ፣ ከዚያ አዲስ ገመድ ተገዝቶለት አሁንም እየተንቀጠቀጠ የሚመጣ አውሮፕላን የታወቀ ነገር ነው። ማንም ሚኒሞውን አልለካም። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ ሚክስቸሩን በጣም በዝግታ ይሳቡ። ዙሩ ከመጥፋቱ በፊት ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፤ ከ50 ዙር በላይ ከዘለለ ሚኒሞው ነዳጅ በዝቶበታል። ምንም ሳይጨምር ከወደቀ ደግሞ አንሶታል። ካርቡሬተሩ ላይ የሚስተካከለው በመካኒክ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የተስተካከለ ሞተር ደጋ ሲወጣ ሚኒሞው እንደሚበዛበትም አይርሱ።

የቀረው የአብራሪው ልማድ ነው። ሞተሩ እንደተነሳ፣ ገና ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ፣ 1,000 ዙር ላይ ሚክስቸሩን ዙሩ ጨምሮ መውረድ እስኪጀምር ይሳቡ። በግማሽ መሳብ አደገኛ ነው፤ ረስተውት ለመነሳት ትሮትል ሲገፉ ሞተሩ ይቀበልዎትና አየር ላይ ይግላል። ጠበቅ አድርገው ከሳቡት ግን ትሮትሉን ሲገፉ ያንገራግርና እምቢ ይላል፣ እዚያው ያስታውስዎታል። ሲያጠፉም 1,800 ላይ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ፣ ከዚያ ወደ 1,000 መልሰው በሚክስቸር።

እርሳስ ያልሆኑት

ካንዴላው ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይት ነው፤ የፒስተን ፋሻ ወይም ሲሊንደር ይመርመር።

ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ ተንቀጥቅጦ ሲሞቅ የሚተወው የካንዴላ አይደለም፤ የጭስ ቫልቭ እየያዘ ነው። ሳይታይ አይበረርበት።

መሬት ላይ ጤነኛ ሆኖ ከፍታ ላይ ሲወጣ ሚስ የሚያደርግ ገመዱ እሳት ያፈስሳል። ሞቆ ብቻ የሚበላሽ የማግኔቶው ኮይል ነው።

ስለ ማሻሻያ

አርኢኤም 37 ቢዋይ የሚባለው ጫፉ ወጣ ያለ ካንዴላ እርሳስን የተሻለ ይቋቋማል፤ ለየትኛው ሞተር እንደተፈቀደ የላይኮሚንግ ሰርቪስ ኢንስትራክሽን 1042 ይመልከቱ፣ ክፍተቱም ከማሲቩ የተለየ ነው። የኢሪዲየም ካንዴላ ውድ ነው፣ ዕድሜውም ረጅም። አንዱን ማግኔቶ በኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን መተካት አነሳሱን ያሳምራል፣ ነዳጅ የበዛበትን ሚኒሞ ግን አያስተካክልም፤ የኃይል ሽቦውም ከባትሪው በቀጥታ ካልመጣ ማስተር የሚባለው ዋና ማብሪያ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እርሳስ የሌለው ዩኤል94 በሚሸጥበት ቦታ ለዚህ ዝቅተኛ መጭመቂያ ሞተር ምቹ ነው፤ ከመቅዳትዎ በፊት ግን የማሻሻያ ፈቃዱ በእጅዎ ይኑር። የመኪና ቤንዚን ፈቃድ ያላቸውም አሉ፣ ኤታኖል የሌለበት ከሆነ ብቻ። ሲገዙ በጠባብ ብልቃጥ ላይ መሥመር ያስምሩ፣ እስከዚያ ውሃ ያድርጉ፣ ቤንዚን ይጨምሩበትና ያናውጡ። ሲረጋ የውሃው ከፍታ ከመሥመሩ በላይ ከሆነ ኤታኖል አለበት፤ አይቀዳም።