ለፋብሪካ ቧንቧ ቦል ቫልቭ ሲመረጥ

በቡሬ ወይም በደብረ ማርቆስ ላለ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ቦል ቫልቭ (በውስጡ ያለውን ባለቀዳዳ ኳስ በማዞር ፍሰት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት መሣሪያ) የሚመርጥ ባለሙያ፣ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት በቧንቧው የሚያልፈውን ፈሳሽ፣ ሙቀቱንና ግፊቱን ጽፎ መያዝ ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ሙቀቱ ነው፤ ኳሱን በሁለት ወገን አቅፎ የሚይዘው የቴፍሎን ቀለበት እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢችልም፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚሸከመው ግፊት ስለሚቀንስ፣ በቫልቩ አካል ላይ የተቀረጸውን የግፊት ቁጥር ብቻ አይቶ በእንፋሎት መስመር ላይ መግጠም አደገኛ ነው። የአምራቹ የግፊትና የሙቀት ሰንጠረዥ ይታይ፤ ካልበቃም በቴፍሎኑ ቀለበት ፋንታ የብረት መቀመጫ ያለው ይመረጥ። ዝቃጭ ላለው ያልተጣራ ዘይት የኳሱ ቀዳዳ ከቧንቧው ውስጣዊ ስፋት ጋር እኩል የሆነው ይሻላል፤ ለንጹሕ ውሃ ጠበብ ያለው ይበቃል። ፍሰት ለመመጠን በግማሽ ከፍቶ መተው (የብዙዎቻችን ልማድ ነው) ቀለበቱን ስለሚበላው፣ ለዚያ ሥራ ፍሰት ለመመጠን የተሠራው ግሎብ ቫልቭ ይገጠም።