ክረምት፣ ጓሮና ልጆች፦ እዚህ ባህር ዳር በየዓመቱ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጆቹ ቤት ናቸው። ዝናቡ ማታ ማታ ይወርዳል፣ ጠዋት ፀሐይ ትወጣና ጓሮው እንፋሎት ይተነፍሳል፣ አረሙ ዞር ብላችሁ እስክትመለሱ ጉልበት ይደርሳል። እኔ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ሐምሌንና ነሐሴን አብልጬ እወዳለሁ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ከልጆቼ ጋር ጭቃ በጭቃ የምሆነው ያኔ ነው። ሁለት ወር ግን ቶሎ ያልቃል፤ በቀላሉ ልንተዋቸው በምንችላቸው ስህተቶች ሲባክን ያንገበግበኛል። እኔ ራሴ የሠራኋቸው አሉ፣ በሰፈራችን በየዓመቱ የማያቸውም አሉ። አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ቲማቲምን በሐምሌ መትከል

ዝናብ ስለመጣ ሁሉም ነገር ይበቅላል ብለን እናስባለን። ከገበያ ችግኝ ገዝተን እንተክላለን፣ ያምራል፣ ማበብ ይጀምራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል፣ ግንዱ ይጠቁራል፣ በሳምንት ውስጥ ሙሉ መደቡ እሳት የለበለበው ይመስላል። ሰው «ዝናብ በዛበት» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ በሽታ ነው፣ ድንችንም የሚጨርሰው ያው በሽታ። ቅጠሉ ሳይደርቅ ውሎ ሲያድርና አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ይነሳል፣ በንፋስና በዝናብ ጠብታም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። መድኃኒት አለው፤ ግን ዝናቡ ያጥበዋል፣ ደግሞም ልጆቼ እየቀጠፉ ከሚበሉበት ጓሮ በየሳምንቱ ኬሚካል መርጨት አልፈልግም።

ጊዜውን መቀየር ይሻላል። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዘሩን በረንዳ ላይ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ፣ በሳጥን አፈር አፍሉት። ችግኙ ለመድረስ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል። መስከረም ገብቶ ዝናቡ ሲሳሳ ወደ መደቡ ታዛውሩታላችሁ። የሐምሌውን መሬት ለጎመን፣ ለቆስጣና ለዱባ ተዉላቸው፤ እነሱ ዝናቡን ይችሉታል።

መደብ ሳያነሱ መዝራት

ይሄኛው ከሁሉም በላይ ብዙ ጓሮ ያበላሻል። የባህር ዳር ዝናብ አብዛኛው በአራት ወር ውስጥ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው የሚወርደው። መሬቱ ደግሞ ሜዳ ነው። አፈራችሁ ጥቁር ከሆነ ውሃውን ይይዘዋል እንጂ አያሳልፈውም፣ ሥሩ አየር ያጣል፣ ጎመኑ ውሃ ውስጥ ቆሞ ቢጫ ይሆናል። ያኔ ብዙ ሰው ማዳበሪያ ጎደለው ብሎ ዩሪያ ይነሰንስበታል። ዩሪያው በማግስቱ ከጎርፍ ጋር ይሄዳል፣ ብሩም አብሮ።

አፈራችሁን ለማወቅ ከባድ ነገር የለም። ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ማታ ውሃ ሙሉበት፣ ጠዋት እዩት። ውሃው እዚያው ካደረ መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፤ በዙሪያው ቦይ ቅደዱና ውሃው ወደሚወጣበት አሳዩት። መደቡ ከሁለቱም ወገን እጅ እንዲደርስበት ስፋቱ ከ1 ሜትር ብዙ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ልጆች መደብ ላይ ሲቆሙ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ መሄጃውን ካሳያችኋቸው ግን ከአዋቂ በላይ ይጠነቀቃሉ።

ችግኝን ከነፕላስቲኩ መቅበር

እውነት ነው፣ ሰው እንዲህ ይተክላል። ችኮላ ነው፣ ዝናብ ደግሞ ላዩ ላይ እየወረደበት ነው። ጎረቤታችን አንድ ማንጎ ነበራቸው፤ ሦስት ክረምት አልፎት ወገቤ ጋ እንኳን አልደረሰም። ነቅለን ስናየው ሥሩ ጥቁሩ ፕላስቲክ ውስጥ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ፣ ራሱን በራሱ አንቆ አገኘነው። አንጀቴን በላው። ፕላስቲኩን በምላጭ በጎን ቀዳችሁ፣ አፈሩ ሳይፈርስ አውጡት። ታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ቁረጡት።

ማንጎና አቮካዶ አጥር ሥር አይሆኑም። ዛሬ እርሳስ የምታህል ችግኝ ነገ ጣራ ትሸፍናለች፤ በሁለቱ መካከል 8 ሜትር እንኳን ቢኖር አይበዛም። ያን ያህል ቦታ ከሌላችሁ አንድ ብቻ ትከሉ። ፓፓያ ለጠባብ ግቢ ይሻላል፣ ግን ግንዱ ሥር ውሃ ከቆመ ይበሰብስና ይወድቃል፤ ጉብታ ላይ ትከሉት። ከዘር የበቀለ ፓፓያ ወንዴ ይሁን ሴቴ እስኪያብብ አይታወቅም፣ ወንዴው ደግሞ ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ አንድ ቦታ ሦስት አብቅሉና አበባውን አይታችሁ የሚያፈራውን አስቀሩ።

ትኩስ እበት

ከእበቱ የሚወጣው ጨው ለጋ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ከሣርና ከቅጠል ጋር ተከምሮ ይብላላ። አፈር አፈር መሽተት ሲጀምር ደርሷል። በተለይ ልጆች ከመሬት እያነሱ የሚበሉት ካሮት ያለበት መደብ ላይ ትኩሱን አታድርጉ።

እምቦጭን ወደ ግቢ ማምጣት

አበባው ያምራል። ሐምራዊ ነው፣ ልጆች ከጣና ዳር ይዘውት መጥተው ባልዲ ውስጥ ሊያኖሩት ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ለብስባሽ ይሆናል ብሎ በጋሪ ያስመጣዋል። እባካችሁ ተዉት። ከአንድ ቁራጭ ተነስቶ ይባዛል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከግቢያችሁ የወጣ ጎርፍ ቦይ ለቦይ ሄዶ ዓባይ ወይ ጣና ነው የሚገባው። ገበሬው በእጁ እየነቀለ ያሳለፈውን መከራ ያየ ሰው ለጌጥ ብሎ አያስቀምጠውም። ልጆቹን «አይሆንም» ብቻ አትበሏቸው፤ ዳር ድረስ ወስዳችሁ ታንኳ መግቢያ እንዳጣ አሳዩአቸው።

በቆሎን መስኮት ሥር መዝራት

ይህን ስሰማ ገርሞኝ ነበር። ምዕራብ ጎጃም፣ ቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናት በቆሎ በብዛት በተዘራበት ቦታ ወባ እንደሚበረታ አሳይቷል። ምክንያቱ የበቆሎው አናት ላይ የሚወጣው አበባ ነው። ብናኙ ኩሬ ላይ ሲወድቅ ለወባ ትንኝ እጮች ምግብ ይሆናል፣ እነሱም በርከት ብለውና ጠንክረው ያድጋሉ። በቆሎ አትዝሩ ማለቴ አይደለም፤ ያለ በቆሎ እሸት ምን ክረምት አለ? ከቤቱ ራቅ አድርጉት፣ አጠገቡ ያሉትን ኩሬዎች ድፈኑ፣ ጎማና የተሰበረ ጀሪካን ውሃ ይዞ እንዳይቀመጥ ገልብጡ። ወባው የሚብሰው ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከመስከረም ወዲህ ስለሆነ አጎበሩን ያኔ አታጥፉት።

ጓሮውን ለልጆች ቅጣት ማድረግ

ስለዚህኛው ብዙ የምለው አለኝ። «ካጠፋህ ዛሬ አረም ትነቅላለህ» የተባለ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ዶማ ይጠላል። የራሱ መሬት ስጡት። በር የምታህል መደብ ትበቃዋለች። ምን እንደሚዘራ እሱ ይምረጥ። ቶሎ የሚታይ ነገር ካማራችሁ ፎሶሊያ ይሁን፤ በሳምንት ብቅ ይላል፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ይቀጠፋል። ሐምሌ መጀመሪያ የዘራ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይከፈት የገዛ እጁን ፍሬ ይበላል።

ከዚያ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ። አምና ትንሿ ልጄ ፎሶሊያዋን አንድ ላይ ከምራ ዘራችው። እሷ ስትተኛ ገብቼ በመስመር አስተካከልኩት። ጠዋት ወጥታ አየችና ምንም አላለችኝም። ወደ መደቧ ግን አልተመለሰችም፤ ሳምንት ሙሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ እኔን ታየኛለች። ይቅርታ ጠየቅኋት። ሌላ ዘር ሰጠኋት፣ ያንንም ከምራ ዘራችው፣ ግማሹ ታፍኖ ቀረ፣ ግማሹ ወጣ። የወጣውን ቆጥራ «እማዬ፣ አሥራ አንድ ነው!» ብላ የሮጠችው ሩጫ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ዘንድሮ ሳልነግራት አራርቃ ዘራች።

ቡሄም እንደዚሁ ነው። ነሐሴ 13 ሊደርስ ሲል የተገመደ ጅራፍ ገዝቶ ማምጣት ይቀላል፤ ግን አያታቸው ካሉ ቃጫውን ከነሐሴ መጀመሪያ አቅርቡላቸው። መግመዱ ከማጮሁ እኩል ደስ ይላል።

ሐይቁን ከሰዓት ማቀድ

ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ውጡ። ጣና 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተንጣሎ፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳን 14 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ንፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፣ ንፋሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው። የሕይወት ጃኬት በልጁ ልክ መኖሩን ሳታዩ ጀልባ ላይ አትውጡ። ዳር ላይ መንቦጫረቅን በተመለከተ ልባችሁ አይጨክን ይሆናል፣ ግን ቀንድ አውጣ ያለበት የረጋ ዳር ብልሃርዝያ ሊኖርበት ይችላል፤ ቆዳን በስቶ ነው የሚገባው። ልጆች በውሃ መጫወት ከፈለጉ ግቢ ውስጥ ዝናቡ አለ፣ መብረቅ ከሌለ ልቀቋቸው። ጢስ ዓባይን ደግሞ በሐምሌ ጭቃ ከምትጓዙ መስከረም ላይ ሂዱ፤ ውሃው ያኔም ሙሉ ነው፣ መንገዱም ይደርቃል።

ጎመኑን ከነግንዱ መቁረጥ

በፍልሰታ ጎመን በየቀኑ ይፈለጋል። ከታች ያሉትን ቅጠሎች ሁለት ሁለት እየቀነጠሳችሁ እምብርቱን ተዉት፤ ያው አንዱ ጎመን እስከ መስቀል ያበላችኋል። እናቴ ቅጠል ስትቀነጥስ ወደ ታች ገፋ አድርጋ ነው፣ ግንዱ እንዳይላጥ።

እሸቱን ማሳደር

በቆሎ እሸት ከተቆረጠባት ሰዓት ጀምሮ ጣፋጩ ወደ ስታርች እየተለወጠ ይሄዳል። ጠዋት ቆርጦ ማታ መጥበስ ራሱ ይለያል፣ ያደረ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። መጀመሪያ ከሰሉን አያይዙ። ፀጉሩ ደርቆ ቡናማ የሆነውን ምረጡ፣ ልባሱን ገለጥ አድርጋችሁ አንዱን ፍሬ በጥፍር ጫን በሉት፤ ወተት ከወጣው ደርሷል፣ ውሃ ከሆነ ይቆይ። ከሰሉ ቀልቶ አመድ ሲለብስ ልጆቹን ወደ ጓሮ ላኳቸው። እየሮጡ ይምጡ።